ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ሦስት ቋንቋ እችላለሁ። አማርኛውን ከወላጆቼ፣ ሱማሌኛውን ከሰፈር ልጆች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት። ሐርጌሳ ውስጥ ሦስቱንም የምትናገር ልጅ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነች ብነግራችሁ ጉራ ይመስልባችኋል። አከራይና ተከራይ ሲጣሉ የኛን በር ያንኳኳሉ። ከአገር ቤት የመጣ አናጢ ቀጣሪው የፈለገው በር ይሁን መስኮት ሳይገባው ሲቀር እኔ ነኝ የምጠራው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዓይን ዓይኔን እያዩ አፌ እስኪከፈት ሲጠብቁ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ግን አንዲት ጥያቄ ሳልተረጉም ቀረሁ። ረስቼ አይደለም፣ ሳይገባኝ ቀርቶም አይደለም። አፍሬ ነው። ያቺ ጥያቄ ሳትጠየቅ በመቅረቷ የሆነውን ነው የማወጋችሁ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። አባቴ የከተማው ትልቅ ገበያ ዋሄን ውስጥ ልብስ ይሸጣል፤ እናቴ አንድ የእናቶች ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች። ገበያው ሲቃጠል የአባቴ መደብ ከነሸቀጡ ሄደ። ክሊኒኩም ለገበያው ቅርብ ስለነበር እሳቱ የፊት ክፍሎቹን በላቸው። እዚያ የሞተ ሰው የለም፣ አልሐምዱሊላህ። መዝገብ ክፍሉ ግን ዐመድ ሆነ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰህራ፣ ከተቃጠለው ሁሉ መርጣ ያለቀሰችው ለአንድ ጠርዙ ለተበጣጠሰ ደብተር ነው። የደም ሰጪዎች ደብተር ይባል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ደም የሚመጣው ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ከሰው ክንድ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ገና ሆዷ ሳይገፋ የደሟ ዓይነት ይመረመራል። ከዚያ የሷ ዓይነት ደም ያላቸው ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ሰዎች ይፈለጉላታል፤ ስማቸውና ስልካቸው ይጻፋል። ምጥ ላይ ደም ከፈሰሳት ይደወልላቸዋል። ይመጣሉ፤ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ።

ከተማው ፍርስራሹን ጠርጎ መገንባት ሲጀምር ዶክተር ሰህራም ክሊኒኳን መልሳ ሠራች። «ከእንግዲህ ወረቀት አላምንም» አለች። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ፣ ሰርቨር የሚባለው ዋናው ማሽን ደግሞ ከክሊኒኩ ውጭ እንዲቀመጥ ወሰነች። እሳት ተመልሶ ቢመጣ አብሮ እንዳይሄድ ማለት ነው። ሰርቨር የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ፣ ዳታ ሴንተር ይሏቸዋል። ማሽኑ ያንተ ነው፤ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ ቅዝቃዜው፣ የኢንተርኔት መስመሩና ጥበቃው የነሱ።

ይህን ቤት እንዲመርጥ የተቀጠረው ጋሽ ደረጀ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወሩ ነበር። ሱማሌኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰላምታውንም ያሳስተዋል። እናቴ አዘነችለትና «የኔዋ ልጅ ትከተልህ፣ ወሬ አይጎድልባትም» አለችው። በማግስቱ አብሬው ወጣሁ።

«ጋሽ ደረጀ፣ ምን ምን ልትጠይቃቸው ነው?» አልኩት በመንገድ።

«ልጄን ሰው ቤት የማሳድር ብሆን ምን እጠይቃለሁ? በሩ ይቆለፋል ወይ? ሲዘንብ ውሃ በየት ይገባል? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«መልሳቸውን ታምናለህ?»

«መልስ አላምንም ረውዳዬ። አፍ ሁሉ ይሠራል፤ ጄኔሬተር ሁሉ ግን አይሠራም።»

መጀመሪያ የሄድንበት ትልቅ የመስታወት ሕንጻ ነበር። ሰውየው ከጠረጴዛው ሳይነሳ ቁም ሳጥን የሚያክለውን ብረት መደርደሪያ ሙሉውን ካልተከራያችሁ አናስተናግድም አለን። እኛ ያለን ትራስ የምታክል ማሽን ናት። ሁለተኛው አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ፎቅ ላይ ነው። አስጎብኚው በጥሩ እንግሊዝኛ ብዙ አወራ። ጋሽ ደረጀ አንገቱን ቀና አድርጎ ማቀዝቀዣውን ሲያይ ቆየና መዳፉን ዘረጋ። ውሃ ጠብ አለበት። ከታች የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቷል። መዳፉን ለእኔ አሳየኝ፣ በሱሪው ጠረገው፣ አመሰገነና ወጣ።

ሦስተኛው የሐጂ ኑር ቤት ነው።

ሐጂ ኑርን ከተማው ያውቃቸዋል ብል አላጋነንኩም፤ እኔ ግን የማውቃቸው በሌላ ነው። መደባችን በተቃጠለ ሳምንት አባቴን አስጠርተው «በረንዳዬ ሰፊ ነው፣ ልብስህን ዘርጋበት» ያሉት እሳቸው ናቸው። ዘመድ አይደለንም፣ ጎሳ አይደለንም። ሱማሌዎች ትልቅ ሰውን አዴር ይላሉ፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ትልቁም ሰው መልሶ ትንሿን አዴር ይላታል። እኔ ሐጂን አዴር ስላቸው ከምላሴ አይደለም።

ዳታ ሴንተራቸው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ፣ ግቢው በዛፍ የተሸፈነ ቤት ነው። በሂና የቀላ ጺማቸውን እያሻሹ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። በግመል ወተት የፈላ ሻሂ መጣ። ለክሊኒኩ፣ ለሚወልዱት እናቶች፣ ለአባቴም ገበያ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ክፍሉን አየን፤ ንጹሕ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከሁለት ኩባንያ የመጣ ሁለት የኢንተርኔት መስመር አለ። ቁልፉ ዘበኛው አንገት ላይ ነው። ጋሽ ደረጀ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። ጓሮ ወጥተን ጄኔሬተሩን አየን፤ ትልቅ፣ ቢጫ፣ የታጠበ።

«አሁን» አለኝ ጋሽ ደረጀ፣ «ዋናውን መብራት እንዲያጠፉት ንገሪልኝ። የከተማው መብራት የሄደ ይምሰል። ይሄ ነገር ሲነሳ በዓይኔ ልየው።»

ሐጂ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ሁለት ሠራተኞቻቸው አጠገባቸው ቆመዋል። የሻሂው ብርጭቆ ገና እጄ ላይ ሞቅ ብሏል። የሰው ቤት ገብቶ፣ ሻሂውን ጠጥቶ፣ ዱዓውን አሚን ብሎ፣ «ቃልህን አላምንምና መብራትህን አጥፋልኝ» ይባላል? በሠራተኞቹ ፊት? አባቴስ ነገ በረንዳቸው ላይ በየትኛው ዓይኑ ይቆማል?

«አዴር» አልኳቸው፣ «ጄኔሬተሩ ደህና ይሠራል ወይ እያለ ነው።»

«ወላሂ፣ መብራት ሄዶ ደቂቃ አይሞላም። ንገሪው አዴር፣ አያስብ።»

«ምን አሉ?» አለ ጋሽ ደረጀ።

«አሁን አይቻልም አሉ። ሌሎች ደንበኞች እየሠሩበት ስለሆነ መብራቱ አይነካም አሉ።»

አንዱን ውሸት በሱማሌኛ፣ አንዱን በአማርኛ። አፌ እንኳን አልተደናቀፈም።

«እሱስ እውነታቸውን ነው» አለ ጋሽ ደረጀ። ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫረ። «እንግዲያው ሥራ በሌለበት በአንዱ ዓርብ ይሞክሩልን ወይ በያቸው።»

«ኢንሻአላህ ብለዋል» አልኩት። አልጠየቅኳቸውም።

ማሽኗን እዚያ አስቀመጥናት። ዶክተር ሰህራ «የሐጂ ቃል ከወረቀት ይበልጣል» ብላ ደስ አላት። አራት ወር ሙሉ አንድም ነገር አልተበላሸም። እኔም ያደረግኩትን አሁን ነው ውሸት የምለው እንጂ፣ ያኔ በልቤ ጨዋነት ብዬ ነበር ስሙን ያወጣሁለት።

እቴ ዝናሽን ያወቅኳት በነዚያ ወራት ነው። የጎጃም ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ነፍሰ ጡር ሆና ነው ክሊኒኩ የመጣችው። ባሏ ጋሽ አበባው ግንበኛ ነው፤ የተቃጠለውን ገበያ መልሰው ከሚገነቡት አንዱ። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባት፣ ያኔ በሌላ ቦታ የማይስማማት ደም ተሰጥቷት ነበር። ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው፣ እንደ ልብ የማይገኝ። ዶክተር ሰህራ «ሁለተኛ ሌላ ዓይነት ደም ከተሰጣት ሰውነቷ ይጣላዋል፤ ከዚሁ ዓይነት በቀር አይሆንም» ስትል የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ብዙ ተፈልጎ ሁለት ደም ሰጪ ተገኘላት። ስማቸው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ እያየች ሳቀች።

«እናቴ ያልወለደችልኝን ሁለት ወንድም ይሄ ሳጥን ወለደልኝ» አለችኝ።

በአምስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እናቴን ላግዝ ክሊኒክ ነበርኩ። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ የከተማው መብራት ሄደ። የክሊኒኩ ትንሿ ጄኔሬተር ተነሳች፤ አምፖሎቹ በሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መዝገብ ክፍል ያለችው ነርስ «ምንም አይከፈትልኝም» አለች። ጋሽ ደረጀ መጣ፣ ነካካ፣ ወደኔ ዞረ።

«እስቲ ሐጂ ዘንድ ደውዪልኝ።»

ዘበኛው ነው ያነሳው። ከኋላው ሰዎች ሲጯጯሁ ይሰማል። «ጄኔሬተሩ እምቢ አለ» አለኝ። «ማስነሻ ባትሪው ሞቷል። ማሽኖቹን የሚያቆየው መጠባበቂያ ባትሪም አለቀና ሁሉም ጠፋ። ባትሪ ፍለጋ ሰው ሄዷል።»

ይህን በሹክሹክታ ተረጎምኩት። ጋሽ ደረጀ «ምን?» ብሎ አስደገመኝ። ከዚያ ባጃጅ ይዞ በረረ። ሌላው ሰው ግን አልደነገጠም። አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘጋ ምን ይሆናል? ነርሷ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

አምስት ሰዓት ላይ ታክሲ የክሊኒኩን በር ዘግቶ ቆመ። ጋሽ አበባው እቴ ዝናሽን ታቅፎ ወረደ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ከሆዱ በታች ያለው ሲሚንቶ ቀይ ሆኗል። መጀመሪያ እሱ የተጎዳ መስሎኝ ነበር።

ወደ ውስጥ አስገቧት። ወዲያው ዶክተር ሰህራ ብቅ አለች። «የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል። ደም ሳልይዝ ሆዷን መክፈት አልችልም፤ ጠረጴዛው ላይ ታልፍብኛለች። ሁለቱን ሰዎች ጥሩልኝ።»

ነርሷ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«ስልካቸው እኮ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።»

ዶክተሯ አንዴ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች «የሁሉንም ጣት ውጉ» አለች።

ተወጋን። ነጩ ሸክላ ላይ የእናቴ ጠብታ፣ የኔ ጠብታ፣ የነርሶቹ፣ የዘበኛው። ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጅ ፈሳሽ ጨመረች፣ አወዛወዘች፣ ራሷን ነቀነቀች። ዘበኛው ወደ መስጊድ ሮጠ። ኢማሙ በባትሪ በሚሠራ ድምፅ ማጉያ ሲለምኑ እስከ ክሊኒኩ ተሰማን። የማናውቃቸው ሰዎች እጅጌያቸውን ጠቅልለው መጡ፤ የነሱም አልሆነም።

ጋሽ ደረጀ ደወለ። «ጄኔሬተሩ ተነስቷል» አለ። አንድ አፍታ ነፍሴ ተመለሰች። «ማሽኗ ግን መብራት በድንገት ስለተቋረጠባት መዝገቡ ተበላሽቷል፤ አይከፈትም።»

«ቅጂ አለ ብለህ አልነበር?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅጂውንም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው ያኖርኩት። ሁሉም እኩል ተበላሽቷል። ለማስነሳት እስከ ነገ ይፈጃል።» ከዚያ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን ሳይዘጋ መሮጥ ሲጀምር ሰማሁት።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ጋሽ አበባው ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል፤ የሚሉት አይገባውም። ዶክተር ሰህራ ወጣችና ፊቱ ቆመች። እኔን ጠቀሰችኝ።

«የሚስቱን ደም የሚተካ አላገኘንም በይው። ከአሁን በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየን እናትየውንም ሕፃኑንም አጣለሁ። የሚያውቀው ሰው ካለ ያምጣ። እንዳለ ንገሪው።»

አፌን ከመክፈቴ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ለሰው አይወረወርም። ትንሽ ደክሟታል፣ አላህ ያውቃል በዪው። ቀስ በቀስ ይረዳዋል።»

እንዲህ ነው ያደግነው። ክፉ ወሬ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን ተዙሮ፣ ተሸፋፍኖ ነው የሚነገረው። እኔም «ጋሽ አበባው፣ ትንሽ...» ብዬ ጀመርኩ። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ቆመች። ጄኔሬተሩ ሥር ቆሜ «ደህና ይሠራል ወይ» ያልኩበት ድምፅ ያው ይሄው ድምፅ ነበር።

«እቴ ዝናሽ እየሞተች ነው» አልኩት። «ለሷ የሚሆን ደም አጥተናል። የደም ሰጪዎቹ ስልክ ጠፍቷል። ሁለት ሰዓት ነው ያለን። ሰው ካለህ አምጣ።»

እናቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እሱ ግን አልጮኸም። ተነሳ።

«ስንት ሰው?»

«የምትችለውን ሁሉ።»

ወጥቶ ሮጠ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ የአሸዋ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከላይ ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ሲሚንቶ አቡኪው፣ ሐበሻውም ሱማሌውም እየዘለለ ወረደ። እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም። ኮሪደሩ ሞላ፤ አንዱ የአንዱን ጣት እያየ «ያንተ ውሃ ነው፣ ደም አይደለም» ይባባላል፣ በጭንቀት መሐል። ሸክላው ታጥቦ እንደገና ይሞላል። አይሆንም። አይሆንም። አይሆንም። የሚመረመር ሠራተኛ አለቀ።

«ሹፌሩስ?» አለች ነርሷ።

ሹፌሩ መኪናውን ሳያጠፋ ውጭ ይጠብቃል። ወጣት ሱማሌ ነው፤ «እኔ እኮ እነሱን ላደርስ ነው የመጣሁት» እያለ ገባ። ጠብታው ተወዛወዘ። ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጅ ደግማ አወዛወዘችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

እቴ ዝናሽ ተረፈች። በአንድ ሰው ደም፣ ከዚያም ምሽት ላይ ጋሽ ደረጀ ስማቸው ሲመዘገብ የሰማውን ሰፈር አስታውሶ በር ለበር ባገኘው በአንደኛው ደም ሰጪ። ልጇ ግን አልጠበቀቻትም። ዶክተር ሰህራ ደሙን ይዛ ሆዷን ስትከፍት ሕፃኗ አልፋ ነበር። ደሙም አልቆም አለ፤ ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ። ጋሽ አበባው ነው የፈረመው። እንዲፈርም የተረጎምኩለትም እኔ።

በማግስቱ ሐጂ ኑር በከዘራቸው እየተደገፉ ክሊኒኩ መጡ። ዶክተር ሰህራ አላስቀመጠቻቸውም።

«ሐጂ፣ ይህ ሰው ጄኔሬተሩን እንሞክረው ብሎ ሲለምንዎ ለምን እምቢ አሉ?» አለቻቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጋሽ ደረጀን ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ ገልጣዋለች።

«ማን ለመነኝ?» አሉ ሐጂ። እንዲያ ግራ የተጋባ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ጋሽ ደረጀን አየችው። ጋሽ ደረጀ፣ የሚባለው ሳይገባው፣ እኔን አየኝ። ሐጂም እኔን አዩኝ።

ተናገርኩ። በሱማሌኛ ተናገርኩ፤ ከዚያ ለጋሽ ደረጀ በአማርኛ ደገምኩት። ሁለተኛው ይብሳል። ጋሽ ደረጀ ማስታወሻውን ዘጋ። «ቅጂውን አንድ ቦታ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አለሁበት» አለ፤ ግን እያየኝ አልነበረም።

ሐጂ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደራረቡ።

«አዴር» አሉኝ፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ በራሴ እጅ አጠፋው ነበር። አልቆጣም ነበር። ባትሪው መሞቱን ያን ቀን እኔም አብሬያችሁ አውቀው ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያፈርኩት ለሳቸው መስሎኝ ነበር እኮ፤ እሳቸው ግን ምንም የሚያፍሩበት አልነበራቸውም።

በአራተኛው ቀን ለእቴ ዝናሽ ልናገር ክፍሏ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«በሩን ዝጊው። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ እግዜር ይክስሻል ይሉኛል። ሲሉኝ ዓይናቸው ከመሬት አይነሳም። አበባውም መሬት መሬት ያያል። አንቺ የሐኪሞቹን ቋንቋ ትሰሚያለሽ። ሐኪሟ ምን ብላለች?»

ለካ ማህፀኗ መውጣቱን ማንም አልነገራትም። ዶክተር ሰህራን ልጠራ ስወጣ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ባልዲዋን አስቀምጣ «ረውዳ፣ ተይ፣ አካሏ ይጠገን» አለችኝ። እናቴን አልፌ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክተሯ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ለስላሳ ነበር ድምፅዋ። የምትለውን ግን አላለሰለሰችም፤ እኔም አላለሰለስኩም። «ሕይወትሽን ለማትረፍ ማህፀንሽን አውጥቼዋለሁ። ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ከእንግዲህ አታረግዢም።»

እቴ ዝናሽ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ምን ነበረ? ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት» አልኳት፣ ዶክተሯን ሳልጠይቅ። አይቻት ነበር።

ዶክተሯ ከወጣች በኋላ «ሌላም አለ፤ ይኼኛው የራሴ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሻሂውን፣ ሐጂን፣ ያላልኩትን። ስጨርስ እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ» አለችኝ። «አንቺ ስታለቅሺ እኔ ላባብልሽ ነው። አቅም የለኝም። አሁን ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

አንባቢዎቼ፣ አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል። ማሽኗ ዛሬም ሐጂ ኑር ቤት ናት። ዶክተር ሰህራ ልታነሳት ፈልጋ ነበር፤ ጋሽ ደረጀ ሌሎቹን ቤቶች እንደገና ዞሮ አየና «ስህተቱን በዓይኑ ያየ ሰው ይሻለኛል» አላት። ቅጂው ሌላ ሰፈር ይቀመጣል። የደም ሰጪዎቹ ስም በየሳምንቱ ታትሞ ነርሷ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀት ማለት ነው። ሐጂ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ራሳቸው ያስጠሩንና፣ ደንበኞቻቸው አስቀድመው ተነግሯቸው፣ መብራቱን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ። እኛም ሻሂያችንን እንጠጣለን። ሻሂውና ሙከራው ሊጣሉ ይችላሉ ብዬ ማሰቤ አሁን ይገርመኛል።

ይሉኝታ ክፉ ነው ልላችሁ አይደለም። አባቴን በረንዳ ላይ ያስጠለለው ያው የሰው ፊት ማክበር ነው። እኔ የተሳሳትኩት፣ የሁለት ሰዎችን ነገር ይዤ መሐል ቆሜ ሳለ ለራሴ ፊት ስጠነቀቅ ነው። የተጠየቀውን የመመለስ መብት የሐጂ ነበር፤ ወሰድኩባቸው። የማወቅ መብት የጋሽ ደረጀ ነበር፤ ወሰድኩበት። ማንም ሳይሾመኝ ለሁለቱም ወሰንኩ። እናንተም ምናልባት ቋንቋ አትተረጉሙ ይሆናል፤ ግን የሐኪምን ቃል ለእናቱ፣ የመምህርን ቃል ለአባቱ ያላደረሰ ማን አለ? ስታደርሱ ስንቱን መንገድ ላይ እንደምትጥሉ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ።

ዛሬ ስተረጉም ስድቡንም እንዳለ ነው የማደርሰው። ባለፈው ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ቀን ተቆጥተውኝ ሄደዋል። አንዱ «አንቺ ልጅ ነሽ ሬዲዮ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። እቴ ዝናሽ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች እንጂ አናግራኝ አታውቅም።

«አሠሪዬ ልታሰናብተኝ ይመስለኛል» አለችኝ፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ። «ልትነግረኝ ፈልጋለች፤ ሌላ አስተርጓሚ ጠርቼ ነበር፣ ያለሳልስብኛል። አንቺ ነይ።»

ጫማዬን አደረግኩና ሄድኩ።